ሳይረብሹ መግፋት

አባቴ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ ባለ ፔንዱለም ሰዓት ተሰቅሎ ነበር። ክረምት ሲገባ ይቀድማል፤ በጋ ሲሆን ወደ ኋላ ይቀራል። ልዩነቱ በወር አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ አባቴ ግን አይታገሠውም። ማታ የራዲዮኑን የሰዓት ድምፅ ጠብቆ፣ የሰዓቱን የመስተዋት በር ከፍቶ፣ ከሚወዛወዘው ክብ ናስ ሥር ያለችውን ትንሽ ብሎን በሁለት ጣቱ ይዞ እንደ ምንም ነካ ያደርጋታል። ክረምት ናሱ ዝቅ እንዲል፣ በጋ ከፍ እንዲል። «ዘንጉ ብርድ ሲመታው ይኮማተራል፤ ያጠረ ደግሞ ይፈጥናል» ይለኛል። ከዚያ በሩን ዘግቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ናሱ ሲሄድና ሲመለስ እያየ ይቆማል። እኔም አጠገቡ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ ግሪኒች ኮረብታ ላይ ወዳለው የሥነ ፈለክ መመልከቻ ወጥቼ የጆን ሃሪሰንን ሰዓቶች ሳይ፣ ሳላውቀው እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆሜ ነበር። ሃሪሰን የአባቴን ብሎን የሚያዞር ሰው እንዳያስፈልግ ያደረገ ሰው ነው። ይህን ያደረገው ደግሞ አባቴ ያችን ብሎን ከማዞሩ ሁለት መቶ ዓመት ከማያንስ ጊዜ በፊት ነው፤ ያውም በእንጨት ጀምሮ።

ሥራውን ለመረዳት ግን መጀመሪያ ዥዋዥዌ ሥር መቆም ይሻላል። ከዋርካ ቅርንጫፍ ላይ የታሰረ ገመድ ላይ ሕፃንም ይቀመጥ ጎልማሳ፣ ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ያው ነው። ልኩን የሚወስነው የገመዱ ርዝመት እንጂ የተቀማጩ ክብደት አይደለም። ርዝመቱ አራት እጥፍ ሲሆን ጊዜው እጥፍ ይሆናል። ለአንድ ሜትር ስድስት ሚሊ ሜትር የጎደለው ፔንዱለም ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር በአንድ ሰከንድ ይደርሳል። ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ በ1656 ፔንዱለምን ከሰዓት ጋር ያጋባው ይህንን ጠባይ ተማምኖ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)።

ዥዋዥዌ ብቻውን ግን ይቆማል፤ ገፊ ይፈልጋል። ከኋላ ቆማ የምትገፋው ልጅ ሳታውቀው የተራቀቀ ፊዚክስ ትሠራለች። ዥዋዥዌው ገና ወደ መሐል ሲወርድ ከገፋችው ታስቸኩለዋለች፤ መሐሉን አልፎ ሲወጣ ከገፋችው ታዘገየዋለች። ልክ መሐል ላይ፣ ፍጥነቱ ከሁሉ በሚበልጥባት ቅጽበት ነካ ካደረገችው ጉልበት ጨመረችለት እንጂ ጊዜውን አላዛባችበትም። በሰዓት ውስጥ የዚችን ልጅ ሥራ የሚሠራው ጥርሳሙ መንኮራኩር ነው። ፔንዱለሙ በተመላለሰ ቁጥር አንድ ጥርስ ያሳልፋል፤ ጥርሱም ሲያልፍ ፔንዱለሙን ገፋ ያደርገዋል። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ችግሩም የሚመጣው ከዚያው ነው። ጥርሱ ሲገፋ ይፋተጋል። ለፍትጊያው ዘይት ይደረግለታል፤ ዘይቱ ሲከርም ይወፍራል፣ አቧራ ይይዛል፣ ሲበርድ ይረጋል። ገፊዋ ልጅ አንድ ቀን በርትታ፣ አንድ ቀን ደክማ፣ አንድ ቀን ቸኩላ እንደምትገፋ ማለት ነው። የሚወዛወዝ ነገር የራሱን ልክ ያውቃል፤ ልኩን የሚያስተው የሚነካው እጅ ነው። ሃሪሰን ዕድሜውን ሁሉ የሠራው ይህን እጅ ማቅለል ነው።

በ1693 ዮርክሻየር ውስጥ ፎልቢ በምትባል መንደር ተወለደ። ያደገውና የሠራው ባሮው በሚባል፣ ከሀምበር ወንዝ አፍ አጠገብ ባለ የገጠር መንደር ነው። አባቱ አናጺ ነበር፤ እርሱም አናጺ ሆነ። በሰዓት ሠሪ ሥር ተቀጥሮ ሙያ አልተማረም። የመጀመሪያ ሰዓቱን በ1713 ሲጨርስ ዕድሜው ገና 20 ነበር፤ መንኮራኩሮቹም የእንጨት ነበሩ።

እነዚያን መንኮራኩሮች ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አናጺነቱን ወዲያው ያነባል። እንጨት በጅማቱ አቅጣጫ ጠንካራ ነው፤ በአግድሙ ሲመታ ይፈነከታል። ሞፈር የሚያወጣ ገበሬ እንጨቱን ሳይቆርጥ በፊት ጅማቱ ወዴት እንደሚሄድ የሚያየው ለዚህ ነው። ከአንድ ጣውላ ላይ ክብ ቆርጦ ዙሪያውን ጥርስ ቢያወጡለት፣ ከጅማቱ ጋር የሚሄዱት ጥርሶች ይጠነክራሉ፤ ጅማቱ በአግድም የሚያልፍባቸው ግን አንድ ቀን ይረግፋሉ። ሃሪሰን ጥርሶቹን በትንንሽ የኦክ ቁራጭ ላይ በቡድን በቡድን አወጣቸው፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ጅማቱ ከመሐል ወደ ውጭ እንዲሄድ አድርጎ በመንኮራኩሩ ዙሪያ በተቀረጸ ቦይ ውስጥ ሰካቸው። እንደ ፀሐይ ጨረር ማለት ነው። እያንዳንዱ ጥርስ የእንጨቱን ሙሉ ብርታት ይዞ ይቆማል።

በ1722 ገደማ ብሮክልስቢ ፓርክ ለሚባል የመኳንንት ግቢ የፈረስ ጋጣ ማማ ሰዓት ሠራ። ከፍታ ላይ ያለ፣ ብርድና ሙቀት የሚፈራረቅበት ሰዓት ነውና ዘይቱ አስቸገረው። ሌላ ሰው ቢሆን የተሻለ ዘይት ይፈልግ ነበር። እርሱ ዘይቱን ጨርሶ አስወገደው። ዘንጎቹ የሚዞሩባቸውን ቦታዎች ሊግነም ቪቴ ከሚባል እንጨት ሠራቸው። ይህ እንጨት ከካሪቢያን ደሴቶች አካባቢ ይመጣል፤ ከውኃ ይከብዳልና ውኃ ላይ ሲጥሉት ይሰምጣል፤ በውስጡም የራሱ ቅባት አለው። ናስ ሲዞርበት እንጨቱ ራሱ ያለሰልሰዋል። ያ ሰዓት ከሦስት መቶ ዓመት በኋላም በቦታው ይሠራል።

ዘንጉ ከዘይት ነጻ ወጣ፤ የሚገፋው ጥርስ ግን ቀረ። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር፤ ምክንያቱም ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው። በዘመኑ ሰዓቶች ውስጥ ከፔንዱለሙ ጋር የተያያዘው መልሕቅ መሰል ብረት የመንኮራኩሩን ጥርስ በዳሩ እየያዘ ይለቃል፤ ሲይዝም ሲለቅም ጥርሱ በብረቱ ፊት ላይ ይንሸራተታል። መንሸራተት ካለ ፍትጊያ አለ፤ ፍትጊያ ካለ ዘይት አለ። ሃሪሰን በመልሕቁ ፈንታ ሁለት ቀጫጭን እግሮች አደረገ። አንዱ እግር መጥቶ ጥርሱ ላይ ያርፋል፤ ሰው ደረጃ ላይ እግሩን እንደሚያሳርፍ፣ ሳይንሸራተት። ጥርሱና እግሩ እንደ ተነካኩ አብረው ጥቂት ይሄዳሉ፤ ግፊቱ የሚሰጠው በዚህች ጉዞ ነው። ከዚያ ሁለተኛው እግር በሌላው በኩል አንድ ጥርስ ላይ ያርፍና መንኮራኩሩን በፀጉር ያህል ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በዚያች ፀጉር ያህል ክፍተት የመጀመሪያው እግር ሸክሙ ይቀልለትና ብድግ ይላል፤ ጭራው ላይ ያለችው ክብደት ናት የምታነሣው። ደግሞ ተራው ይደርሳል። ሰዎች ይህን ብልሃት «ፌንጣ» ብለው ጠሩት፤ ያየው ሰው ሌላ ስም አያወጣለትም። እግሮቹ ብድግ፣ እጥፍ፣ ብድግ ይላሉ፤ ድምፅ እንኳ የላቸውም ለማለት ይቻላል። የሚፋተግ ነገር ስለሌለ የሚደርቅ ዘይት የለም። ገፊዋ ልጅ በየቀኑ አንድ ዓይነት እጅ አገኘች።

ቀጥሎ የአባቴ ብሎን። ብረት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ከርዝመቱ ከመቶ ሺህ አንድ ያህል ይለጠጣል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ቢጨምር፣ አንድ ሜትር የሚጠጋው የፔንዱለም ዘንግ የሚረዝመው የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ነው። ግን ያች ወረቀት በቀን 5 ሰከንድ ታዘገያለች፤ በወር ሁለት ደቂቃ ተኩል ይሞላል። ሃሪሰን ብረቱን እንዳይለጠጥ ማድረግ እንደማይቻል ያውቃል። ስለዚህ የሚለጠጥን ነገር በሚለጠጥ ነገር ለማሸነፍ ተነሣ። ናስ ከብረት የበለጠ ይለጠጣል፤ ብረት ሁለት ሲል ናስ ሦስት ይላል። ዘጠኝ ቀጫጭን ዘንጎችን እንደ ፍርግርግ አቁሞ አያያዛቸው፤ አምስቱ ብረት፣ አራቱ ናስ ናቸው፤ ብረት፣ ናስ፣ ብረት እያለ ይሄዳል። ብረቶቹ ከላይ ተሰቅለው ወደ ታች ይረዝማሉ። ናሶቹ ከታች ቆመው ወደ ላይ ይረዝማሉ። ብረቶቹ የሚያወርዱትን ናሶቹ ያነሡታል፤ ከሥር የተንጠለጠለው ክብደት ካለበት አይነቃነቅም። ሁለት ማዕድናት በየዲግሪው ይጓተታሉ፤ ውጤቱ እርጋታ ነው።

ይህን የሠራው ከታናሽ ወንድሙ ከጄምስ ጋር ሆኖ በ1720ዎቹ ማብቂያ ነው። ትክክለኛነቱን በምን ለካው? ባሮው ውስጥ ከእርሱ ሰዓት የሚበልጥ ሰዓት አልነበረም። ኮከብ ነበር። ማታ ማታ በመስኮቱ ዳር ቆሞ አንድ የታወቀ ኮከብ ከጎረቤቱ የጭስ ማውጫ ጀርባ የሚጠፋበትን ቅጽበት ይጠብቃል፤ አንዱ ኮከቡን እያየ፣ ሌላው ሰከንድ ይቆጥራል። መሬት ፀሐይንም ስለምትዞር ያው ኮከብ በየሌሊቱ ከትናንቱ 3 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ቀድሞ ይጠፋል። ሰዓቱ ይህን ልዩነት ካሳየ ልክ ነው። የገጠር አናጺ በጎረቤቱ ጭስ ማውጫና በሰማይ መካከል የዘረጋው ይህ መለኪያ ሰዓቱ በወር ከአንድ ሰከንድ በላይ እንደማይሳሳት ነገረው። በዚያን ዘመን ጥሩ የሚባል የኪስ ሰዓት በቀን አንድ ደቂቃ ቢሳሳት የሚያስወቅስ አልነበረም።

ሰው በዚህ ረክቶ ሊኖር ይችል ነበር። ሃሪሰንን ከመንደሩ ያወጣው ባሕሩ ነው።

ከአገር ርቆ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ የባሕረኞቹን ችግር በየሳምንቱ በስልክ ይፈታዋል። «እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» ይላል እናቱን። እርሷ የምትለውንና ከራሱ ሰማይ የሚያየውን ሲያነጻጽር ምን ያህል ወደ ምዕራብ እንደራቀ አወቀ ማለት ነው። መሬት በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፤ አንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ነው። አዲስ አበባ ከግሪኒች 38 ዲግሪ ከሦስት ሩብ ወደ ምሥራቅ ናት፤ ስለዚህ ግሪኒች ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ላይ አናትን ካለፈች 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ሆኗታል። በእጅ ሰዓታችን ሦስት ሰዓት የምንለው መንግሥታት ለአመቺነት ያጠጋጉት ነው፤ ፀሐይ የምታውቀው 2 ሰዓት ከ35ን ነው። መርከበኛው ግን የሚደውልላት እናት የለችውም። የወደቡን ሰዓት ይዞ መሄድ አለበት፤ ያ ሰዓት ደግሞ ማዕበል ላይ ልክ መሥራት አለበት። ይህ ስላልነበረ መርከቦች የት እንዳሉ ሳያውቁ ድንጋይ ላይ ይወጡ ነበር። በ1714 የእንግሊዝ ፓርላማ ኬንትሮስን በግማሽ ዲግሪ ውስጥ ለሚያስገኝ 20,000 ፓውንድ ደነገገ። ግማሽ ዲግሪ 2 ደቂቃ ነው። ወደ ካሪቢያን ስድስት ሳምንት ለሚፈጅ ጉዞ በቀን ከ3 ሰከንድ ያነሰ ስሕተት ማለት ነው።

ፔንዱለም ባሕር ላይ አይሆንም። ልኩን የሚያገኘው ከመሬት ስበት ነው፤ «ታች» የት እንደሆነ ማወቅ አለበት። መርከቡ ሲያዘነብል፣ ሲነሣና ሲወድቅ «ታች» ይጠፋበታል። ሞላ ግን ወደ ቦታው የሚመልሰውን ኃይል በራሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ሮበርት ሁክ በ1678 እንዳተመው፣ ሞላ በተሳበ መጠን ልክ ይመልሳል፤ እጥፍ ብትስበው እጥፍ ይጎትታል። ርቆ የሄደው በርትቶ ስለሚመለስ፣ ቀርቦ የሄደውም ቀስ ብሎ ስለሚመለስ፣ ሁለቱም እኩል ጊዜ ይፈጅባቸዋል። ሃሪሰን ስበቱን በሞላ ለወጠው።

ግሪኒች ላይ ከመስተዋቱ በስተጀርባ የሚሠራው የመጀመሪያው የባሕር ሰዓት፣ ሰዎች ኤች-አንድ የሚሉት፣ በ1735 ያለቀ ነው። ክብደቱ 34 ኪሎ ይሆናል። ሰዓት አይመስልም፤ ከናስ የተሠራ ሕያው ነገር ይመስላል። ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በየጫፋቸው የናስ ኳስ አለ። ከላይና ከታች በሞላ ተሳስረዋል። አንዱ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ሌላው ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ኳሶቹ ይራራቃሉ፣ ይቀራረባሉ። ማዕበሉ መርከቡን ወደ አንድ ጎን ሲያዞረው አንዱን ዘንግ ያፈጥነዋል፤ በዚያው ቅጽበት ሌላውን ያዘገየዋል። ሁለቱ የተያያዙ ስለሆኑ ትርፉና ጉድለቱ እርስ በርሱ ይጣፋል። ማዕበሉን የሚመክት ግድግዳ አልሠራም። ማዕበሉ ራሱን እንዲያጣፋ ቦታ ሰጠው እንጂ። ውስጡ ደግሞ ፌንጣው አለ፤ የናስና የብረት ፍርግርጉም አለ፤ ምክንያቱም ሞላም ሲሞቅ ይላላል። የእንጨት መንኮራኩሮችም አሉበት። ዘይት ግን የለበትም።

በ1736 ወደ ሊዝበን ይዞት ሄደ። ሲመለሱ መኮንኖቹ የብስ ሲታያቸው ስታርት የሚባለው የባሕር አፍንጫ ነው አሉ፤ ሃሪሰን ሊዛርድ ነው አለ። ሊዛርድ ሆኖ ተገኘ። የመርከቡ ሰዎች ወደ 60 ማይል ያህል ተሳስተው ነበር።

በሁለተኛው ሰዓት ላይ አልቆይም፤ ራሱም አልቆየበትም። ጉድለቱን አግኝቶ ወደ ባሕር እንዳይወጣ የከለከለው እርሱ ራሱ ነው። ሦስተኛው 19 ዓመት ፈጀበት፤ 753 ክፍሎች አሉት፤ እርሱ የሚፈልገውን ያህል ግን ልክ ሊሆንለት አልቻለም። ያም ሆኖ ከዚያ ሥራ የወጡ ሁለት ነገሮች ዛሬ በያንዳንዳችን ቤት አሉ። አንደኛው፣ ዘጠኙን የፍርግርግ ዘንጎች ትቶ አንድ ቀጭን የናስና አንድ ቀጭን የብረት ቁራጭ ጀርባ ለጀርባ በምስማር አጣበቃቸው፤ ሲሞቁ ናሱ ስለሚረዝም ቁራጩ ይጎብጣል። ካውያችሁ ሲግል «ጠቅ» ብሎ ራሱን የሚያጠፋው በዚሁ ብልሃት ነው። ሁለተኛው፣ ፍትጊያን ለመቀነስ በዘንጉ ዙሪያ ትንንሽ ተንከባላዮችን በቤታቸው ውስጥ አሰልፎ አኖረ። መካኒኮቻችን ኩሽኔታ የሚሉት የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ነገር የዚያ ዘር ነው። አንድ ሰው ባልተሳካለት ሥራው ይህን ያህል ማበርከቱ ያስደንቀኛል።

አራተኛው በ1759 አለቀ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ትልልቅ ማሽን ሲሠራ የኖረ ሰው፣ በስልሳዎቹ ዕድሜው፣ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ሰዓት ይዞ መጣ። ወርዱ 13 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ኪሎ ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ፊቱ ነጭ ነው፤ ጥቁር ቅጠል መሰል ጌጥ ዞሮታል። ውስጡ ሲከፈት የሚሸፍነው ሳህን እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ ነው፤ ሰው በማያየው ቦታ።

ሐሳቡን ለወጠ ብለው የሚጽፉ አሉ። እኔ አልቀበለውም፤ ያው ሐሳብ ነው በሌላ መንገድ። የመርከብ መንገዳገድ ቀስ ያለ ነው፤ አንዱ ብዙ ሰከንድ ይፈጃል። የዚህ ሰዓት ባላንስ፣ በፔንዱለም ፈንታ የሚወዛወዘው ክብ፣ ግን በሰከንድ 5 ጊዜ ይመታል፤ ሰፊ ዙር እየዞረ፣ በኃይል። ዥዋዥዌ ከምቱ ጋር በማይገጥም ግፊት አይነሣም፤ ያለ ጊዜው የሚመጣ እጅ አንዴ ቢያስፈጥነው አንዴ ያዘገየዋል፣ ድምሩ ባዶ ይሆናል። ባሕሩ ይገፋል፤ ባላንሱ ግን ባሕሩ ግፊቱን ሳይጨርስ ብዙ ጊዜ ተመላልሷል። ሁለቱ አይገናኙም።

እንደገና ገፊዋ ልጅ። የሰዓት ዋና ሞላ እንደ ተሞላ ብርቱ ነው፤ ሊያልቅ ሲል ይደክማል። ሃሪሰን በመካከል ሌላ ትንሽ ሞላ አኖረ። ዋናው ሞላ የሚሞላው ይህችን ትንሽ ሞላ ነው፤ በየ7 ሰከንድ ተኩሉ፣ በደቂቃ 8 ጊዜ። ባላንሱን የምትገፋው ትንሿ ናት። ሁልጊዜ ልክ ጠግባ፣ ከልክ ሳታልፍ። ባላንሱን የሚነኩት ክፍሎች ደግሞ አልማዝ ናቸው፤ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ። ጀርባቸውን በልዩ ቅርጽ አጎበጣቸው፤ ባላንሱ ሰፋ አድርጎ ቢዞርም ጠበብ አድርጎ ቢዞርም እኩል ጊዜ እንዲፈጅበት። አልማዝን በዚያ መጠን፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ወደሚፈልገው ጉብጠት እንዴት እንዳመጣው ሳስብ ቃል ያጥረኛል።

ልጁ ዊልያም በኅዳር 1761 ሰዓቱን ይዞ ወደ ጃማይካ ተጓዘ። ከ81 ቀን በኋላ ሲመረመር የተሳሳተው 5 ሰከንድ ያህል ነበር። በቦታ ሲለካ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአውሮፓ እስከ ካሪቢያን ሙሉ ውቅያኖስ ተቋርጦ። ስለ ሽልማቱ የተደረገውን ክርክር እዚህ አላወራውም፤ ረጅምና የሚያሳዝን ነው፤ ንጉሡ ጊዮርጊስ ሣልሳዊ ጣልቃ ገብተው በ1773 ቀሪው ገንዘብ ሲሰጠው ሽማግሌ ነበር ማለት ይበቃል። በመካከሉ ላርከም ኬንዳል የሚባል ሰዓት ሠሪ የአራተኛውን ቅጂ ሠርቶ፣ ካፒቴን ኩክ ከ1772 እስከ 1775 ባደረገው ጉዞ ይዞት ሄዷል። ኩክ ወዶት ተመለሰ።

ሃሪሰን ግን በመጨረሻ ዘመኑ ወደ ፔንዱለሙ ተመለሰ። በ1775 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የብስ ላይ የሚቆም ባለ ፔንዱለም ሰዓት በ100 ቀን ከአንድ ሰከንድ በላይ ሳይሳሳት ሊሠራ ይችላል ብሎ ጻፈ። አጻጻፉ የተወሳሰበ ነበር፤ ገምጋሚዎች አፌዙበት። የሙያው ሊቃውንት ከባድ ክብደት በጠባብ ዥዋዥዌ ይወዱ ነበር፤ እርሱ ቀለል ያለውን በሰፊው ይወዛወዝ ይላል። ዥዋዥዌ ሲሰፋ ጊዜው በጥቂቱ እንደሚረዝም ሊቃውንቱ ያውቃሉ፤ እርሱም ያውቃል። ግን ፌንጣው የሚሰጠው ግፊት፣ አየሩ የሚይዘው መያዝ፣ ዘንጉ የተንጠለጠለባቸው ጎባጣ ናሶች፣ አንዱ የሌላውን ጥፋት እንዲያርም አድርጎ ማመጣጠን ይቻላል ነው የሚለው። ዘጠኙን ዘንጎች ያመጣጠነው ሰው ነው ይህን የሚናገረው። በመጋቢት 1776 ሞተ፤ መጽሐፉም ተረሳ።

ማርቲን በርጀስ የሚባል እንግሊዛዊ ሰዓት ሠሪ በ1970ዎቹ ያንን መጽሐፍ ከልቡ አምኖ ሥራ ጀመረ። የጀመረውን ሌሎች ጨርሰውለት፣ ሰዓቱ ግሪኒች መጥቶ ማንም እንዳይነካው በታሸገ ሣጥን ውስጥ ተፈተነ። በ2015 ውጤቱ ተነገረ። በ100 ቀን የተሳሳተው ከአንድ ሰከንድ ስምንት እጅ አምስቱን ብቻ ነው። አየር ሳይወጣለት፣ በተራ አየር ውስጥ የሚወዛወዝ ፔንዱለም ያለው ሜካኒካል ሰዓት እንዲህ ልክ ሆኖ አያውቅም ነበርና በዓለም መዝገብ ተጻፈ። አናጺው 240 ዓመት ቀድሞ የተናገረው ልክ ሆኖ ተገኘ።

የባሕር ሰዓቶቹም ለብዙ ዘመን ተረስተው ነበር። በ1920ዎቹ ሩፐርት ጉልድ የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን ዝገት በልቷቸው፣ አቧራ ወርሷቸው አገኛቸውና ዓመታት ፈጅቶ አንድ በአንድ አጽድቶ አስነሣቸው። ዛሬ ግሪኒች ላይ አራቱም አሉ። ሦስቱ ትልልቆቹ ይሠራሉ። ዘይት ስለማይፈልጉ መሥራታቸው ብዙ አይጎዳቸውም። አራተኛው፣ ያ ትንሹ፣ ውቅያኖስ ያቋረጠው፣ ቆሟል። ያ መጠን ላይ ሲደርስ ሃሪሰን ዘይትን ማስወገድ አልቻለም ነበር፤ ቢሠራ ይበላል፣ ስለዚህ አያስነሡትም። ነጭ ፊቱን እያሳየ ተኝቷል።

ባለፈው ስሄድ ሕፃን የታቀፈች እናት ከኤች-አንድ ፊት ቆማ ነበር። ልጁ በኳሶቹ እንቅስቃሴ ራሱን ግራና ቀኝ እያደረገ ነበር፤ እናቲቱም ሳታውቀው አብራው ትወዛወዛለች። ኳሶቹ ይራራቃሉ። ይቀራረባሉ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ሰዓቱን አየሁ፤ አባቴ ጋ ምሽት ሆኗል፤ ራዲዮኑን የሚከፍትበት ጊዜ ነው። ደወልኩለት።